የጋሽ አትንቀሳቀስ ፊት

ጋሽ አትንቀሳቀስ ፎቶ አንሺ ነው። ሠርግ አያነሳም፤ ልደት አያነሳም፤ አበባ መሐል ተቃቅፈው ለሚቆሙ ፍቅረኞችም ጊዜ የለውም። ሥራው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድና ለፓስፖርት የሚሆን፣ ሁለት ጆሮ የሚያሳይና አንድም ጥርስ የማያሳይ ፎቶ።

ሱቁ ከፀጉር ቤቱ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ ነጭ ሸራ ተወጥሯል፤ ከሸራው ፊት በርጩማ፣ ከበርጩማው ግራና ቀኝ ጃንጥላ የሚመስሉ ሁለት መብራቶች፣ ፊት ለፊት ደግሞ በሦስት እግሩ የቆመው ካሜራ። ደንበኛ ገብቶ በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ሰውየው መጀመሪያ የራሱን ክራባት ያስተካክላል። ከዚያ የደንበኛውን አገጭ በሁለት ጣቱ ቀና ያደርጋል፣ ትከሻውን ያቃናል፣ ፀጉሩን ከጆሮው ላይ ይገልጣል፣ ወደ ካሜራው ይመለስና «አትንቀሳቀስ!» ይላል። ይህችን ቃል በቀን ውስጥ ከሚናገራቸው ቃላት ሁሉ አብልጦ ስለሚናገራት ሰፈሩ ስሙን ትቶ በእሷ ይጠራዋል። እሱም አልከፋውም። ሰው በሥራው ቢጠራ ምን ነውር አለው?

ፊቱ አይፈታም። ሲወለድ እንዲህ አልነበረም። ወጣት ሳለ እንደ ማንኛውም ሰው ይስቅ ነበር፤ ነገር ግን ሳቅ እንደ ማዛጋት ተላላፊ መሆኑን ሙያው አስተማረው። እሱ ፈገግ ሲል ደንበኛው ፈገግ ይላል፤ ደንበኛው ፈገግ ሲል ፎቶው ከመሥሪያ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ጠዋት ፊቱን እንደ ሱቅ በር ዘጋው። ከጊዜ ብዛት ደግሞ ቁልፉን የት እንዳስቀመጠው ረሳ። በምትኩ በከተማው ማንም ያላገኘውን ክብር አገኘ፤ እሱ ያነሳው ጉርድ ፎቶ ተመልሶ አያውቅም። ይህን የሚነግረው ለሁሉም ነው፤ ላልጠየቀውም ጭምር።

ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ግን አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

«የጋሼን ጥርስ ያየ አንድ የጥርስ ሐኪም ብቻ ነው» ይላል ለደንበኞቹ፣ መቀሱን እያንኳኳ። «እሱም ቢሆን አደንዝዞ ነው።»

«ሠርግ ላይም አይስቁም?» ይላል ወንበሩ ላይ ያለው ሰው።

«ሠርግ ሲጠሩ ሙሽራው 'ማን ሞቶብን ነው?' እያለ ይደነግጣል።»

ጋሽ አትንቀሳቀስ ይህን በግድግዳው ቀዳዳ እየሰማ ሥራውን ይቀጥላል። ውሻ ይጮኻል፣ ግመሉም ይሄዳል።

ሚስቱ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። አንዲት ልጅ አለችው፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤቱ ይልቅ መንገዱ ያውቀዋል። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ሴት ልጇን ይዛ ወደ አባቷ ሱቅ መጣችና «አባዬ፣ ሞግዚት እስካገኝ ነው» አለችው። ሞግዚቷ ሳትገኝ ወራት አለፉ። እሱም ስለ ሞግዚት ጉዳይ አንድም ቀን አልጠየቀም።

ሕፃኗ ክብ ናት። ጉንጯ ክብ፣ ሆዷ ክብ፣ ጉልበቷ ሳይቀር ክብ ነው። ድንቡሼ ይሏታል። የፎቶ ማተሚያው የመጣበት ትልቅ ካርቶን በብርድ ልብስ ተደልድሎ ከካሜራው እግር ሥር ተቀመጠላትና እዚያ ውስጥ ትውላለች። ከዚያ ሆና ሁሉንም ታያለች። ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ አገጩ ቀና ይደረጋል፣ መብራቱ ቦግ ይላል፣ ሰው ይወጣል። ለእሷ ዓለም ማለት ይህ ነው።

አያትየው ይወዳታል፤ የሚወዳት ግን በራሱ መንገድ ነው። ጆሮዋን በየቀኑ ያጸዳል፣ ኮሌታዋን ያስተካክላል፣ ጥፍሯን ፎቶ በሚቆርጥበት ጥንቃቄ ይቆርጣል። ሲያበላት የሁለት አገር ውል እንደሚፈርም ሰው ማንኪያውን ቀስ አድርጎ ያነሳል።

«በላሽ?» ይላታል ሲጨርስ።

ትመለከተዋለች።

«ጥሩ» ይላል። ይህ በሁለቱ መካከል ረጅም ወሬ ነበር።

ድንቡሼ ለክትባት ጤና ጣቢያ በሄደችበት ቀን ነገሩ ሁሉ ተጀመረ። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች እዚያ አንድ ክፍል ተሰጥቷቸው ነበር። የሕፃናትን አእምሮ ጤንነትና ዕድገት ያጠናሉ፤ በተለይ ሕፃን ከሚውልበት ሰው ጋር ያለ ቃል እንዴት እንደሚግባባ ማየት ይፈልጋሉ። እናትየዋ ደስ ብሏት ተስማማች። «ልጅቷ ከማን ጋር ነው የምትውለው?» ብለው ሲጠይቋት «ከአባቴ ጋር» አለች። «እንግዲያው የሚመጡት እሳቸው ናቸው» አሏት።

ጋሽ አትንቀሳቀስ ለዕለቱ ጥቁር ሱፉን ለበሰ። ለሳይንስ ተጠርቷልና ባርኔጣውንም ቦረሸ።

ክፍሉ ወለሉ ላይ ባለቀለም ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ምንጣፉ ላይ ኳስ፣ የሚደራረቡ ቀለበቶችና አንድ የጨርቅ ዝሆን አሉ። በሁለቱ ማዕዘን ሁለት ካሜራዎች በማቆሚያቸው ላይ ቆመዋል፤ አንዱ የአያትየውን፣ ሌላው የሕፃኗን ፊት ይቀርጻል። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ልጅ እግር ናት፤ ትሕትናዋ ወዲያው ደስ አሰኘው።

«ጋሼ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አለችው። «መጀመሪያ እንደ ሁልጊዜው ያጫውቷታል። ምልክት ስሰጥዎ ደግሞ ፊትዎን ዝም ያሰኙታል። አይስቁ፣ አያውሩ፤ ዝም ብለው ይመልከቷት። ለትንሽ ጊዜ ነው። ከዚያ እንደገና ያጫውቷታል። እኛ የምናየው ፊትዎ ሲለወጥ ልጅቷ ምን እንደምታደርግ ነው።»

«ፊቴ ሲለወጥ» አለ ጋሽ አትንቀሳቀስ፣ ቃሉን እንደማያውቀው ምግብ እያላመጠ። «ለምንድን ነው የሚለወጠው?»

«ሕፃን አፉን ከመፍታቱ በፊት ፊት ያነባል፣ ጋሼ። ኳስ እንደ መወራወር ይቁጠሩት። ፈገግ ስትል ኳሱን ወረወረች ማለት ነው፤ እርስዎ ፈገግ ሲሉ መለሱላት። ድንገት ኳሱ ካልተመለሰላት ትደነግጣለች፣ ትጣራለች፣ ታለቅሳለች። ይህ ጤነኛ ነገር ነው፤ መልስ እንደምትጠብቅ ያሳየናል።»

ጋሽ አትንቀሳቀስ ራሱን ነቀነቀ። የሱፉን ቁልፍ ቆልፎ ምንጣፉ ላይ እንደ ዳኛ ተቀመጠ። ድንቡሼን ፊት ለፊቱ አስቀመጡለት። ልጅቷ አያቷን አየች። ቀጥሎ ከአያቷ ትከሻ በላይ ያለውን ካሜራ አየች።

ቀጥ አለች። አገጯን ቀና አደረገች፤ ከንፈሯን ገጠመች፤ ሁለቱን ክብ እጆቿን ክብ ጭኖቿ ላይ አስቀመጠች። አያትየውም ከእሷ ጀርባ ያለውን ካሜራ አየና እንደ ሙያው ልማድ አገጩን ቀና፣ ትከሻውን ቀጥ አደረገ። የአንድ ቤተሰብ ሁለት ጉርድ ፎቶዎች ተፋጠው ተቀመጡ።

ጥግ ላይ የቆመው ረዳት ወደ ዶክተሯ ጠጋ አለ። «ጀምረዋል እንዴ?»

«እኔ እንጃ» አለች።

ጥቂት ጠበቀችና «እሺ ጋሼ፣ አሁን ፊትዎን ዝም ያሰኙ» አለች።

ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

«ጥሩ ነው። አሁን እንደገና ያጫውቷት።»

ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

«ጋሼ፣ ያጫውቷት እንጂ።»

«እያጫወትኳት ነው እኮ» አለ ጋሽ አትንቀሳቀስ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ዶክተሯ ሰው ማስደንገጥ የምትወድ አልነበረችም። አብራቸው የመጣችውን እናት ወደ ጎን ወስዳ በለሰለሰ ድምፅ ተናገረቻት። በአንድ ቀን ምንም አይባልም፤ ሕፃን ሊደክመው ይችላል፤ ቢሆንም ልጅቷ አልሳቀችም፣ አልተጣራችም፣ አላለቀሰችምና ሌላ ቀን እንደገና ማየት ይሻላል። እስከዚያው ቤት ውስጥ በደንብ ትጫወት፣ ድምፅ ስታሰማ ይመለስላት፣ ሰው ስታይ ሰውም ይያት አለቻት። እናትየዋ ከዚህ ሁሉ የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጄ አትስቅም።

ማታ፣ ገና አባቷ ቤት ሳሉ፣ አማቷ ደወለች። የባሏ እናት ሌላ ከተማ ትኖራለች፤ ሰፈሯ እማማ ሬዲዮ ይላታል፤ የምትጠፋው ስትተኛ ብቻ ነው።

«ምን አልኩሽ?» አለች እማማ ሬዲዮ፣ ስልኩ ሳያስፈልጋት እየተሰማች። «ልጅን ከዚያ ሐውልት ሥር አስቀምጠሽ ምን እንድትሆን ነው? እርግብ ናት? እኔ ጋ አምጫት! እኔ ጋ ድመቱ ያወራል፣ ዶሮው ያወራል፣ እኔም አወራለሁ።»

«ትንሽ ልጠብቅ፣ እማማ። እንደገና ያይዋታል።»

«ያኔም እንዲሁ ከሆነች?»

እናትየዋ አባቷን አየችው። ጋሽ አትንቀሳቀስ የልጅቷን ካልሲ እያጠፈ ነበር።

«እንዲሁ ከሆነች አመጣልዎታለሁ» አለች።

ካልሲው ከእጁ ወደቀ። ፊቱ አልተለወጠም፤ ጆሮው ግን ቀላ።

በማግስቱ ጠዋት በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ወደ ፀጉር ቤቱ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋ።

«ልጅ ማጫወት አስተምረኝ» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀመጠ። አምስት ልጆች ያሳደገ ሰው ነው። «ማንን? እርስዎን?»

«ስማ፣ ለወሬ ካዋልከው ምላስህን ነው የምቆርጠው።»

«ኧረ በስመ አብ! ይቀመጡ ጋሼ። መጀመሪያ ፊት እንክፈት። እስቲ ፈገግ ይበሉ።»

ጋሽ አትንቀሳቀስ ሞከረ።

«ጥርስዎን አሞዎት ነው?»

«ፈገግ ብዬ ነው።»

«እሺ፣ ፈገግታውን ለጊዜው እንተወው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «በድምፅ እንጀምር። ይህችን የፀጉር መሸፈኛ ጨርቅ ይያዙ። ፊትዎን ይሸፍኑና 'ኩኩሉ' ይበሉ። ከዚያ በድንገት ይግለጡትና 'ነጋ!' ይበሉ።»

«ምኑ ነው የነጋው?»

«ጋሼ፣ ልጅ ምክንያት አይጠይቅም። እርስዎም አይጠይቁ።»

ትምህርቱ ቀጠለ። ጋሽ አትንቀሳቀስ ጉንጩን መንፋት ተማረ፤ ምላሱን ማውጣት ተማረ፤ እንደ ፈረስ ማንኮራፋት ተማረ፤ ድንቡሼን እሽኮኮ ተሸክሞ በጠባቧ ሱቅ ውስጥ መዞርም ተማረ። ሁሉንም የሚያደርገው ክራባቱን ሳያላላ ነው። ሰው ክብሩን የሚጥለው ሲያንኮራፋ ሳይሆን ክራባቱን ሲፈታ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ችግሩ ደንበኞች መምጣታቸውን አለማቆማቸው ነው። አንድ ቀን ግዙፍ ሹፌር ለመንጃ ፈቃድ ሊነሳ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጋሽ አትንቀሳቀስ አገጩን ቀና አደረገለት፤ ወደ ካሜራው ሄደ፤ በዚያው ቅጽበት ድንቡሼ ከካርቶኗ «እ!» አለች። ኳስ ወረወረች ማለት ነው። ዶክተሯ መልሱ ብላለችና መለሰ፤ ጎንበስ አለና «ፍርርር!» ብሎ እንደ ፈረስ አንኮራፋ። ቀና ብሎም አነሳው። ሹፌሩ በማግስቱ ፎቶውን ይዞ ተመለሰ። ፎቶው ላይ ዓይኑ ፈጦ፣ አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቶ፣ ሳቅ ሊገድለው የደረሰ ሰው ይታያል።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለ ሹፌሩ። «የመስኮቱ ልጅ 'ሰክረህ ነው የተነሳኸው?' አለኝ። መንጃ ፈቃድ ልወስድ ሄጄ ሰካራም ተባልኩ!»

ተመለሰ። የጋሽ አትንቀሳቀስ ፎቶ ተመለሰ። በዚያው ሳምንት ሌሎችም ተመለሱ፤ አንዲት መነኩሴ የሚመስሉ እናት ምላስ አውጥተው፣ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ። ሁሉንም በነፃ እንደገና አነሳ። ሌሊት እንቅልፍ ባያጣም ጠዋት ሲነሳ ከድሮው አጠር ያለ ይመስል ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን ያ ሁሉ ልፋት ድንቡሼን ንቅንቅ አለማድረጉ ነው። በኩኩሉው ጊዜ በርጋታ ታየዋለች። ሲያንኮራፋ አገጯን ቀና ታደርጋለች። በቃ፣ ያልተከፈለበት ጉርድ ፎቶ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ አቧራ እንዳይገባበት ካሜራውን በጥቁር ጨርቅ ሸፈነና የልጅቷን ምግብ ሊያሞቅ ዘወር አለ። ከኋላው ጩኸት ሰማ። ዞሮ ሲያይ ድንቡሼ የካርቶኑን ጠርዝ ይዛ ቆማለች፤ ያላት ጥርስ ሁሉ ወጥቷል፤ ጥርሷ ደግሞ ብዙ አይደለም። ማንኪያውን እየጠቆመች ትስቃለች። ጠጋ ሲል ክራባቱን ያዘችና እንደ ደወል ገመድ ጎተተችው።

«ና! ና እይ!» ብሎ ግድግዳውን ደበደበ።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ፣ ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛውም ከኋላው ተከትሎ እየሮጡ ገቡ። «ምን ሆነች?»

ጋሽ አትንቀሳቀስ ጨርቁን ከካሜራው ላይ አነሳ። ድንቡሼ ቁጭ አለች፤ አገጭ ቀና፣ ከንፈር ግጥም። ጨርቁን መለሰ። ሳቅ። አነሳ። ጸጥ። መለሰ። ሳቅ።

«መብራት ናት እንዴ?» አለ ግማሽ ጢሙ።

ፀጉር አስተካካዩ ሆዱን ይዞ በርጩማው ላይ ወደቀ። «ጋሼ! ልጅቷ እኮ አልታመመችም! ደንበኛ ሆና ነው!»

ጋሽ አትንቀሳቀስ በርጩማው ላይ ሊቀመጥ ፈልጎ ተይዞ ስላገኘው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እውነት ነው። ከተቀመጠ በኋላ የሚንቀሳቀስ ሰው አይታ አታውቅም። ካሜራ ባለበት ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው ብላ አምናለች። ማንም ሳይነግራት፣ እሱን ብቻ እያየች ሙያውን ተምራለች፤ ደግሞም እንዴት ያለ አገጭ!

«ለዶክተሯ ይንገሯታ» አለ ፀጉር አስተካካዩ እንባውን እየጠረገ።

«ምን ብዬ? እኔን ያህል ፎቶ አንሺ 'ካሜራውን ሸፍኑልኝ' ልበል?»

«እንግዲህ ወይ ይበሉ፣ ወይ እማማ ሬዲዮ ትውሰዳት።»

ቀጠሮው ደረሰ። ጋሽ አትንቀሳቀስ ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ድንቡሼን ታቅፎ ገባ። እናትየዋም ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ አብራው መጥታለች፤ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ጣቷን እያፍተለተለች ተቀመጠች። የልጅቷን ልብስ ትናንት ማታ በሻንጣ አጣጥፋ ስታስቀምጥ አይቷታል። ጉሮሮውን ጠረገና እውነቱን ለዶክተሯ ነገራት። ሲጨርስ ከሙያው የተባረረ ያህል ተሰማው።

ዶክተሯ ግን አልሳቀችበትም። ዓይኗ በራ። «ያለፈውን ቪዲዮ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ካሜራውን ነበር የምታየው፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር» አለች። «ካሜራ ከሌለ ጥናቱ ስለሌለ ማስወጣት አልችልም። እንሸፍነው።»

ረዳቱ አንሶላ አምጥቶ ሁለቱን ማዕዘን ጋረደ፤ ለሌንሶቹ ብቻ ትንሽ ትንሽ ቀዳዳ ተወላቸው። ድንቡሼ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ዙሪያዋን ቃኘች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ቀዳዳዋ ዞራ አገጯን ቀና አደረገች።

«እንዴት አወቀች?» አለ ረዳቱ።

«የማን ልጅ ልጅ ሆና ነው?» አለ ጋሽ አትንቀሳቀስ። በመከራው መሐል ትንሽ ኩራት አመለጠው።

እናትየዋ ጥግ ላይ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ያኔ ጋሽ አትንቀሳቀስ ተነሳ። አንሶላውን ከካሜራው ላይ ገፈፈው። ድንቡሼ በደንብ እንድታየው ከሌንሱ ፊት ለፊት፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተንበረከከ። ክራባቱን ያዘ፤ ትንሽ አሰበ፤ ፈታው።

መጀመሪያ ባርኔጣውን አደረገ። ለጉርድ ፎቶ ባርኔጣ ክልክል ነው። ድንቡሼ ዓይኗን አፈጠጠች። ባርኔጣውን ወደ ኋላ አዞረው። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። አንገቱን ሰበረ። ጉንጩን ነፋ። ምላሱን እስከ አገጩ አወጣና ወደ ሌንሱ አርገበገበው። ጆሮዎቹን በክራባቱ አሰራቸው። በመጨረሻም የጨርቁን ዝሆን ባርኔጣው ላይ አስቀመጠና፣ በዕድሜው ሙሉ ከሱቁ ያባረረውን ኃጢአት ሁሉ በአንድ ጊዜ እየሠራ፣ «ፍርርርር!» አለ።

ድንቡሼ ካሜራውን አየች። አያቷን አየች። እንደገና ካሜራውን አየች። ይህን ሰው አገጩን ይዞ የሚያቃናው ሊመጣ ነው ብላ የጠበቀች ትመስላለች። ማንም አልመጣም። ካሜራውም ምንም አላለም። ዝሆኑ ተንሸራቶ የአያቷን አፍንጫ መታው።

ሳቀች። መጀመሪያ በአንድ ጉንጯ፣ ቀጥሎ በሁለቱም፣ ከዚያ በሆዷ፣ ከዚያ በመላ ክብነቷ ሳቀች። ስቅታ ያዛት፤ በስቅታው ደግሞ ሳቀች። እየዳኸች ሄዳ ካሜራው ሥር ቁጭ አለችና ምላሷን አወጣችበት። ረዳቱ ግድግዳ ይዞ ይስቃል። ዶክተሯ አፏን በእጇ ይዛ ምልክት መስጠት ረሳች። ጋሽ አትንቀሳቀስም ከወዴት እንደመጣ ያላወቀው ድምፅ ከውስጡ ሲወጣ ሰማ፤ የራሱ ሳቅ ነበር፤ ከብዙ ዓመት መዘጋት የተነሳ እንደ ዛገ በር ሲጥ ሲጥ ይላል።

«ጋሼ» አለች ዶክተሯ እንደምንም፣ «አሁን... አሁን ፊትዎን ዝም ያሰኙ።»

ያን የተዘጋ ፊቱን ሊያገኘው አልቻለም። ሲገጥመው በጉንጩ ያመልጣል፤ ጉንጩን ሲይዝ በአፍንጫው ይወጣል። ከንፈሩን ነክሶ፣ የቀብር ነገር አስቦ፣ የቀረጥ ቢሮን አስቦ በመከራ ዘጋው።

ድንቡሼ ጠበቀች። ፈገግ አለችለት። መልስ የለም። ምላሷን አወጣችለት። መልስ የለም። ዝሆኑን አንስታ ሰጠችው፤ አልተቀበላትም። «እ!» አለች። «እ! እ!» ብላ በሁለት እጇ ጉልበቱን ደበደበችው። ጠጋ ብላ አፍንጫውን ያዘችና አንኳኩታ እንደምትከፍተው በር ጎተተችው። ከዚያ የታችኛው ከንፈሯ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ፣ ተንቀጠቀጠ፤ ጤና ጣቢያው እስኪናጥ ድረስ አለቀሰች።

«አለቀሰች!» ብላ እናትየዋ ከወንበሯ ዘለለች። «አባዬ፣ አለቀሰች! እሰይ! እሰይ የኔ እናት!»

«በጣም ጥሩ ነው!» አለች ዶክተሯ። ረዳቱ አጨበጨበ። በክፍሉ ውስጥ ሁሉም ደስ ብሎታል፤ ምንጣፉ ላይ ካሉት ሁለቱ በቀር።

ጋሽ አትንቀሳቀስ ምልክት አልጠበቀም። ፊቱ ተናደ። «የኔ ማር! የኔ ዓለም! ይኸው፣ ይኸው አለሁ!» ብሎ አነሳትና ደረቱ ላይ ለጠፋት።

«ጋሼ፣ ገና ነው! ትንሽ ቢታገሱ...»

«የምን ገና?» አለ። «ልጅ ተጣራ፤ አቤት ይባላል እንጂ ገና ይባላል?»

ዶክተሯ እየሳቀች ወደ እናትየዋ ዞረች። ልጅቷ ስቃለች፣ ተጣርታለች፣ መልስ ስታጣም ተቆጥታለች፤ በዚህ የሚያሳስባት ነገር እንደሌለ ነገረቻት። ቀጥላም ወደ አያትየው መጣች። «አንድ ችግር ብቻ አለ። መሐሉን ስላቋረጡት ለጥናቱ አይሆነኝም። ሌላ ቀን ይደግሙልኛል?»

«ዶክተር፣ ሥራሽን አከብራለሁ» አለ ጋሽ አትንቀሳቀስ፣ ጆሮው ላይ የተንጠለጠለውን ክራባት እያላቀቀ። «ማጫወቱን ከፈለግሽ መቶ ጊዜ ልድገምልሽ። ለመሐሉ ግን ሌላ ሰው ፈልጊ።»

ስልክ ጮኸ። እማማ ሬዲዮ ናት።

«ምን አሉ? ኧረ ማን ነው እንዲህ የሚያለቅሰው? ድንቡሼ ናት? ምን ሆና ነው?»

«ደህና ሆና ነው እማማ!» አለች እናትየዋ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። «ደህና ሆና ነው!»

«ደህና ሆና የምታለቅስ ልጅ የት አገር አለች? ነገ ልምጣ ልውሰዳት?»

«ይምጡ፤ ቤትዎ ነው። መውሰድ ግን የለም። ከአባዬ ጋር ነው የምትውለው።»

ስልኩ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥታ ሆነ። ብዙ አልቆየም፤ ግን ሁሉም ሰሙት።

ከጤና ጣቢያው ሲወጡ ድንቡሼ የአያቷ ክንድ ላይ ሆና እንባዋ ሳይደርቅ አላፊ አግዳሚውን ምላሷን እያወጣች ትቀበላለች። እናትየዋ ወደ ሥራዋ ለመሮጥ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገችና ቆም አለች። የአባቷን የተዛባ ባርኔጣ ልታቃናለት እጇን ዘርግታ ተወችው።

«አባዬ፣ ነገ ጠዋትም እንደተለመደው ላምጣልህ?»

ጋሽ አትንቀሳቀስ በክብር ሊመልስ አፉን ሲከፍት ድንቡሼ እጇን እስከ አንጓዋ አስገባችበት። ስለዚህ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።